በሱቮሮቭ መንገድ፦ ከጎታርድ እስከ ፓኒክስ በእግር፣ በአውቶቡስና በሰው መኪና

እ.ኤ.አ. በ1799 መስከረም ላይ አሌክሳንደር ሱቮሮቭ የሚባል፣ ሰባ ሊደፍን ጥቂት የቀረው የሩሲያ ጄኔራል ወደ 21 ሺህ ሰው ይዞ ከጣሊያን ተነሳ። (ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ሐሳቡ አልፕስን ቀጥ ብሎ አቋርጦ ዙሪክ አካባቢ የሰፈረውን የፈረንሳይ ጦር ከኋላ መምታት ነበር። በመንገዱ የገጠመውን ውጊያ ከሞላ ጎደል ሁሉንም አሸነፈ። ዘመቻው ግን ከሸፈ። ይሄ ነገር ካነበብኩት ጀምሮ አልለቀቀኝም። መሬቱን ሳላይ አይገባኝም አልኩና ከፍራንክፈርት ባቡር ተሳፈርኩ።

ናፖሊዮን በዚያ ሰዓት የት ነበር ለምትሉ፣ ግብፅ ከርሞ በባሕር ወደ ፈረንሳይ እየተመለሰ ነበር። እሱ ከጥቂት ዓመት በፊት ድል አድርጎ የያዘውን ሰሜን ጣሊያን፣ በሌለበት ሱቮሮቭ መጥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከፈረንሳዮች እጅ ነጠቀ። ከዚያ ነው ወደ ስዊዘርላንድ እለፍ የተባለው። ዙሪክ ላይ ኮርሳኮቭ የሚባል ሌላ የሩሲያ ጄኔራል ጦሩን ይዞ ይጠብቀዋል።

ለኛ ሰው የምትጥም አንዲት ነገርም አለች። ሱቮሮቭ ልጅ ሳለ ሰውነቱ ደካማ ስለነበር አባቱ ወታደር እንዲሆን አልፈለጉም ይባላል። ልጁን አነጋግሮ አባትየውን ያሳመናቸው የፑሽኪን ቅድመ አያት አብርሃም ሀኒባል ነው ይላሉ። ሀኒባል የኛ ነው፣ የለም የካሜሩን ነው የሚለው ክርክር ገና አላለቀም። እኔ ግን ፑሽኪን አደባባይን እያየሁ ስላደግኩ የማንን ወገን እንደምይዝ ታውቃላችሁ።

እንቁጣጣሽን ዙሪክ የአክስቴ ልጅ ቤት አከበርን። ያሰብኩትን ስነግረው «በገዛ ገንዘብህ ዳገት ልትወጣ ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?» ብሎ ሳቀብኝ። ሲነጋ ቦርሳውን ይዞ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

እሑድ፣ ከአይሮሎ ወደ ጎታርድ

አይሮሎ በጎታርድ ተራራ ደቡባዊ ግርጌ ያለች፣ ጣሊያንኛ የሚነገርባት ትንሽ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ጎታርድ አናት የሚወጣው የድሮ መንገድ ትሬሞላ ይባላል። 24 ቅልብስ ኩርባ አለው። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወጣ ሰው በኩርባው አይደነግጥም። የሚገርመው ወለሉ ነው። እያንዳንዷ ድንጋይ በእጅ ተጠርባ የተነጠፈች ናት። ብስክሌተኞች ከጀርመንና ከሆላንድ ድረስ መጥተው ይሄን ኮብልስቶን እየተንቀጠቀጡ ይወጡታል። ከፍለው!

በሱቮሮቭ ጊዜ ይሄ መንገድ አልነበረም። በጎታርድ ላይ ሠረገላ ማለፍ የጀመረው በ1830 አካባቢ ነው። ያኔ የነበረው የበቅሎ መንገድ ብቻ ነበር። በቅሎ ደግሞ አልነበረም! ኦስትሪያኖች ታቨርኔ በምትባል ቦታ ከሺህ በላይ በቅሎ አዘጋጅተን እንጠብቅሃለን ብለው ነበር። ሱቮሮቭ ሲደርስ ቦታው ባዶ ነው። አምስት ቀን ያህል ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ኮሳክ የሚባሉትን የሩሲያ ፈረሰኞች ፈረሶች ጭነት አሸክሞ ተነሳ። እነዚህን አምስት ቀናት ልብ በሉልኝ።

አናቱ 2,106 ሜትር ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። ብርዱ ግን ሌላ ነው። እዚያ በ1999 የቆመ ሐውልት አለ። ሱቮሮቭ በፈረስ ተቀምጧል፣ አንቶኒዮ ጋማ የሚባል የአገሬው መንገድ መሪ ደግሞ ፊት ፊት በእግሩ ይሄዳል። ጄኔራሉን ብቻውን ማቆም ሲችሉ መንገድ መሪውንም አብረው ማቆማቸው ደስ አለኝ። ሱቮሮቭ ጎታርድን በመስከረም 24 በውጊያ ያዘ። እኛ ሾርባና ዳቦ በ14 ፍራንክ፣ ቡና በ5 ፍራንክ ከ20 ያዝን።

ሰኞ፣ አንደርማትና የሰይጣን ድልድይ

አንደርማት ሳሚህ ሳዊሪስ የሚባል ግብፃዊ ባለሀብት ከገባባት ወዲህ የሀብታም መዝናኛ ሆናለች። የእንግዳ ማረፊያው ርካሹ ክፍል ለሁለት ሰው 140 ፍራንክ ነበር። መታጠቢያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ የዋጋ ዝርዝሩን አይቶ ዝም አለ። የሱ ዝምታ ከወቀሳ ይከፋል።

ጠዋት ሮይስ ወንዝን ተከትለን ወደ ሾለነን ገደል ወረድን። መጀመሪያ የሚገኘው በ1708 አለቱን ቦርቡረው የሠሩት አጭር ዋሻ ነው፣ 64 ሜትር ይሆናል። ከዋሻው ሲወጡ ገደሉ ድንገት ይከፈታል። ሁለቱም ጎን ቀጥ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ወንዙ ከታች ይጮኻል። ተጠጋግተን ካልጮህን አንደማመጥም ነበር። አሁን እዚያ ያሉት ድልድዮች የ1830ውና የ1958ቱ ናቸው። ሩሲያኖች የተሻገሩት አሮጌው በ1888 ፈርሷል፣ የመሠረቱ ድንጋይ ግን ይታያል።

አፈ ታሪኩን አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ያገኘናቸው ሽማግሌ ነገሩን። የዑሪ፣ የዚያ ክፍለ ሀገር፣ ሰዎች ድልድዩን መሥራት ሲያቅታቸው ሰይጣን እኔ እሠራላችኋለሁ፣ ግን መጀመሪያ የሚሻገረውን ነፍስ ለኔ ስጡኝ አለ። ተስማሙ። ድልድዩ ሲያልቅ ፍየል ነድተው አሻገሩለት። ተናዶ ድልድዩን ሊሰብር ትልቅ ቋጥኝ አነሳ፤ አንዲት ባልቴት መስቀል ብታደርግበት ጥሎት ሸሸ። ቋጥኙ ዛሬም ታች ገሸነን አጠገብ አለ። በ1970ዎቹ አውራ ጎዳና ሲሠራ በክብር 127 ሜትር አንስተው አስቀምጠውታል። ይሄንን ሲነግሩን ምንም አልሳቁም።

እንግዲህ በመስከረም 25 ቀን 1799 ሩሲያኖች ከዚያች ጠባብ ዋሻ ሲወጡ ከፊታቸው ያለው ሌኩርብ የሚባለው የፈረንሳይ ጄኔራል ጦር ነው። ድልድዩ በከፊል ፈርሷል። ከአጠገቡ ካለ ጎጆ እንጨት አፍርሰው፣ መኮንኖቹ የወገባቸውን መቀነት ፈትተው ሳንቃውን አሰሩበትና ተሻገሩ ይባላል። ሌሎቹ በላይ በኩል ዞረው፣ ወንዙንም ተሻግረው ፈረንሳዮቹን ከጎን ገቡባቸው። ቦታውን ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ያኔ በነበረው ስፋት ዋሻው አፍ ላይ አራት ሰው ጎን ለጎን መቆም ይከብደው ነበር።

ገደሉ ላይ በ1898 ከአለቱ የተፈለፈለ ትልቅ መስቀል አለ። 12 ሜትር ነው፣ ሥሩ በሩሲያኛ ተጽፎበታል። መሬቱም የሩሲያ መንግሥት ነው። መስቀሉ ሥር ቁጭ ብዬ ቀን ስቆጥር ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ያ ቀን በሩሲያኖቹ የድሮ አቆጣጠር መስከረም 14 ነበር፣ የመስቀል በዓላቸው። በኛ ሲሰላ ደግሞ መስከረም 16 ቀን 1792 ይሆናል። የደመራ ዕለት! የአክስቴ ልጅ ሁለት ጊዜ በስልኩ አሰላው፣ ሁለቱም ጊዜ ያው መጣለት።

ግን የዚህ ቀን መራራ ነገር ይሄ ነው። ሱቮሮቭ ድልድዩን በሚሻገርበት በዚያው ቀን ማሴና የሚባለው የፈረንሳይ አዛዥ ዙሪክ ላይ ኮርሳኮቭን ማጥቃት ጀመረ። በማግሥቱ የኮርሳኮቭ ጦር ተበተነ። ሊንት ወንዝ ላይ የነበረው የኦስትሪያው ጄኔራል ሆትስም በ25 ተገደለ። ሱቮሮቭ ይሄን አያውቅም። ሊረዳው የሚሄድለት ጦር አለ ብሎ እየተጣደፈ ነው። አምስቱን የበቅሎ ቀናት አሁን አስታውሱልኝ።

ማክሰኞ፣ አልትዶርፍ

በባቡር ወረድን። አልትዶርፍ የቪልሄልም ቴል ሐውልት ያለባት ከተማ ናት፣ የልጁን ራስ ላይ ያለ ፖም በቀስት የመታው ሰውዬ። ቱሪስቱ ሁሉ እሱን ፎቶ ያነሳል። እኛ ቀጥ ብለን ፍሉለን ሐይቁ ዳር ሄድን።

ዘመቻው የከሸፈው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሐይቁ ግራና ቀኝ ተራራው ቀጥ ብሎ ውኃ ውስጥ ይገባል። ዛሬ በአለቱ ጎን ተቦርቡሮ የሚሄደው መንገድ የተሠራው በ1865 ነው። በ1799 ከዚህ ወደ ሽቪትስ፣ ማለትም በዙሪክ አቅጣጫ፣ መሄጃው ጀልባ ብቻ ነበር። ጀልባዎቹን ደግሞ ፈረንሳዮች ወስደዋቸዋል። አንዳንዱ ሱቮሮቭ መንገድ እንደሌለ አያውቅም ነበር ይላል፤ አንዳንዱ ያውቃል፣ ጀልባ አገኛለሁ ብሎ ነው ይላል። ለኔ ለውጥ የለውም። ዕቅዱን ወረቀት ላይ ያወጡት ሰዎች እዚህ ዳር ቆመው አላዩትም። ሃያ ሺህ የሚራብ ሰው ይዞ ሐይቅ ጋ ሲደርሱ መንገድ አለቀ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ማታ የአገሬውን ምግብ እንቅመስ ብለን የእረኞች መኮሮኒ አዘዝን። መኮሮኒ፣ ድንች፣ አይብ፣ ክሬም፣ ከላዩ የተጠበሰ ሽንኩርት። እዚህ ድረስ ደህና ነው። በጎን የፖም ማርማላታ የመሰለ ነገር በሳህን መጣ። ከመኮሮኒው ጋር ነው የሚበላው አለችን አስተናጋጇ። የአክስቴ ልጅ አሥር ዓመት ስዊዝ ኖሮ አልለመደውም። እኔ ጨርሼ በላሁ። 24 ፍራንክ ነው፣ አይተርፍም!

ረቡዕ፣ ኪንዚግ

መንገድ ያጣው ሱቮሮቭ በስተቀኝ ያለውን ተራራ ልውጣ አለ። ኪንዚግ 2,073 ሜትር ነው። እረኛና አዳኝ ብቻ የሚሄድበት መንገድ ነበር። መላ ጦሩ አንድ በአንድ ተሰልፎ ነው የወጣው፣ ጫፉ ከተራራው ማዶ ያለው ሙኦታታል ሲደርስ ጭራው ገና አልትዶርፍ አካባቢ ነበር። የኋለኞቹ እስኪደርሱ ቀናት ፈጀ።

እኛ ግማሹን በገመድ መኪና ወጣን፣ አላፍርበትም። ላይ ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ጠማው። ረቡዕ ስለሆነ ይጾማል፣ እዚህ አገር ደግሞ ተራራ ላይ የሚሸጠው ሁሉ አይብ ነው። ዳቦና ፖም ይዞ መጥቷል። «ለስላሳ እንኳን ልጠጣ» ብሎ ሪቬላ ገዛ። ግማሹን ከጠጣ በኋላ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አነበብኩለት። ሪቬላ የሚሠራው ከአጓት ነው። ከወተት አጓት! ጠርሙሱን አየው፣ እኔን አየኝ። «አንተ ነህ ጾሜን ያስፈታኸኝ» አለ። ጠርሙሱን ለኔ ሰጠኝ። ጥሩ ይጣፍጣል።

ወደ ኪንዚግ አናት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ዳገቱ ያን ያህል አይደለም። ቁልቁለቱ ነው የገደለን። ዝናብ ጀመረ፣ ሣሩ አንሸራታች ሆነ፣ ላሞቹ መንገዱን አጭቅይተውታል። ግማሽ መንገድ ላይ የአክስቴ ልጅ የቀኝ ጫማ ሶል ከፊት በኩል ተላቀቀ። በየእርምጃው አፉን ይከፍታል፣ ጭቃ ይዝቅና ይዘጋል። የቦርሳውን ማሰሪያ ቆርጠን ሁለት ዙር ጠፍረን አሰርነው። ግማሽ ሰዓት ሄዶ ላላ። እንደገና አሰርነው። የሩሲያ ወታደሮች ጫማም በዚህ ድንጋይ ላይ እንዳለቀ ተጽፏል፣ ብዙዎቹ ሙኦታታል የገቡት በባዶ እግር በሚባል ሁኔታ ነው። ይሄንን በዚያ ሰዓት መናገሬን አልወደደልኝም።

ሐሙስ፣ ሙኦታታልና ፕራገል

ያደርንበት ቤት ባለቤት ሰባዎቹ ውስጥ ያሉ እናት ናቸው። ጫማውን አይተው ምንም ሳይሉ ሙጫና ማጣበቂያ ብረት ይዘው መጡ፣ ሌሊቱን ጫን ብሎ አደረ። አልጋና ቁርስ ለአንድ ሰው 65 ፍራንክ። ቁርሱ ላይ የቤት ቅቤ፣ አይብና የደረቀ ሥጋ ነበር፤ ለሐሙስ እግዜር ይስጥልን።

ሙኦታታል በአየር ጠባይ ተንባዮቿ የታወቀች ናት። ስድስት ናቸው፣ ጉንዳን አይተው፣ ንፋስ አሽትተው የመጪውን ወራት አየር በአደባባይ ይናገራሉ፤ ሕዝቡም ለመሳቅም ለመስማትም ይሰበሰባል። ባለቤቷን ቅዳሜ እንዴት ይሆናል አልናቸው። በመስኮት አዩና «ጓንት ያዙ» አሉን።

ሱቮሮቭ የዙሪክን ወሬ ያረጋገጠው በዚህ ሸለቆ ነው። የሴቶች ገዳም ውስጥ ነበር ያረፈው፣ ገዳሙ አሁንም አለ። ከፊት ማሴና፣ ከኋላ ሌኩርብ፣ ስንቅ የለም። መኮንኖቹን ሰብስቦ ወደ ምሥራቅ፣ ፕራገል በሚባለው የተራራ ማለፊያ በኩል ወደ ግላሩስ ለመውጣት ወሰነ። ሮዘንበርግ የሚባለው ጄኔራል ኋላ ቀርቶ በጥቅምት 1 ማሴናን ራሱን መትቶ መለሰው። አንድ ሩሲያዊ የማሴናን የትከሻ ማዕረግ ገንጥሎ አስቀረ የሚባለውም እዚህ ነው። አሁንም አሸነፉ ማለት ነው። ያሸነፉት ግን ለመሸሽ ነው።

ስለ ባላገሩ ግን ማንም ሐውልት አላቆመም። በዚያች ዓመት ኦስትሪያ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ እየተፈራረቁ ከብቱን፣ ድርቆሹን፣ ድንቹን በልተው ሄዱ። በክረምቱ ከግላሩስ ብቻ ከ1 ሺህ በላይ ሕጻናት እንዳይራቡ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር ተላኩ። እናትየው ይሄን ሲነግሩን ጎረቤታቸው ላይ የደረሰ ይመስል ነበር።

በፕራገል ላይ መደበኛ አውቶቡስ አላገኘንም። ወተት ቆርቆሮ የጫነ ገበሬ ቆመልን። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያስኬደው፣ እሱ በአንድ እጁ ይነዳል፣ በሌላው ቦታዎቹን ያሳየናል። እኔ እጁን እንጂ ቦታዎቹን አላየሁም። ክሎንታል ሐይቅ ዳር አወረደን። ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም አለ።

አርብ፣ ኤልም

ዛሬ መውጣት ነበረብን። ግን ከኤልም በላይ ዊክለን የሚባል የጦር ሠራዊት መተኮሻ ሜዳ አለ፣ የተለጠፈው ማስታወቂያ በዚያ ቀን ተኩስ እንዳለ ይናገራል። እስከ ከሰዓት ድረስ ተራራው ያስተጋባ ነበር። የ1799ን ዘመቻ ፍለጋ ሄደን የዛሬ ጦር መንገዱን ዘጋብን።

እንግዲህ ኤልም ውስጥ ዋልን። ደስ የምትል መንደር ናት፣ አብዛኛው ቤት ከእንጨት ነው። ሱቮሮቭ ያደረበት ቤት በስሙ ይጠራል። ሰው የሚኖርበት ስለሆነ ከውጭ ነው ያየነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ትንንሽ፣ ቀይ አበባ የተደረደረበት። ከላይ ያለው ተራራ ወገቡ ላይ የተበሳ ቀዳዳ አለው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት አጋማሽና በመስከረም መጨረሻ ግድም፣ ፀሐይ በቀዳዳው ሾልካ የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ ታርፋለች። ለሁለት ሳምንት ያህል ቀደምን።

በ1881 ደግሞ ለጥቁር ሰሌዳ የሚሆን ድንጋይ ሲቆፍሩ ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገድሏል። ኤልም በሎሚ ለስላሳዋም የታወቀች ናት። የአክስቴ ልጅ ከመክፈቱ በፊት ጠርሙሱን ከላይ እስከ ታች አነበበው።

ቅዳሜ፣ ፓኒክስ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ኤልም አንድ ሺህ ሜትር አይሞላም፣ የፓኒክስ አናት 2,407 ነው። ግላሩስ የደረሰው ሱቮሮቭ በሊንት ሸለቆ ወደ ሜዳው መውጣት ፈልጎ ነበር። ባግራትዮን የሚባለው ጄኔራሉ ኔፌልስ ላይ ሞከረ፣ ሞሊቶር የሚባለው ፈረንሳዊ አቆመው። የቀረው ይሄ ተራራ ብቻ ነው። በጥቅምት 6 ቀን አዲስ በረዶ በጉልበት ጠልቆ ነበር፣ ጥይት አልቆ ነበር፣ መንገድ መሪዎቹ ጥለው ጠፍተዋል ይባላል። መድፎቹን ሁሉ ገደል ሰደዱ። አናቱ ላይ ሌሊት የመሸባቸው ኮሳኮች የጦራቸውን እንጨት አንድደው ሞቁ። የጭነት ከብቱ አብዛኛው ከገደሉ ወርዶ ቀረ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰውም እንደዚያው።

እኛ ላይ የመጣው ጉም ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፊቴ ያለውን የአክስቴን ልጅ ቦርሳ እንጂ ሌላ አላይም። መንገዱ ድንጋይ ላይ በተቀቡ ነጭና ቀይ መስመሮች ይታወቃል። አንዱን ካገኘን በኋላ አንዳችን እዚያ ቆመን ሌላው ቀጣዩን ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ይጣራል። እንደዚያ እያደረግን ምናልባት አንድ ሰዓት ሄድን። ጓንቱ ጠቀመን፤ ድንጋዩ ላይ ስስ በረዶ ነበረበት።

አናቱ ላይ ጠባቂ የሌለው ትንሽ ጎጆ አለ። በሩ አይቆለፍም። ውስጡ ምድጃ፣ የተፈለጠ እንጨት፣ ብርድ ልብስ፣ ገንዘብ መጣያ ሳጥን። የተጠቀማችሁበትን ክፈሉ ይላል፣ የሚያይህ የለም። የአክስቴ ልጅ 10 ፍራንክ ጣለ፤ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ 5 ጨመረ። ሻይ አፍልተን ይዘነው ከመጣነው ፓስቲ የተረፈውን በላን።

ቁልቁለቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ አራት ፈጀ፣ ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ታች ያለችው ፒኝዩ መንደር ስንደርስ አውቶቡሱ ሄዷል። ግድግዳ ላይ የሱቮሮቭን ማለፍ የሚያስታውስ ጽሑፍ አለ፣ እሱን እያነበብን የቆምን ጊዜ አንድ ሰውዬ በመኪናው ኢላንትስ ድረስ አደረሰን። ከዚህ ነው ሱቮሮቭ የተረፈውን ወደ 15 ሺህ ሰው ይዞ ወደ ኩር የወረደው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የጄኔራሎች ሁሉ አለቃ የሚያደርግ ማዕረግ ሰጡት፣ ከኦስትሪያም ጋር ተጣልተው ጦራቸውን ጠሩ። በዚያው ጥቅምት ናፖሊዮን ከግብፅ ፈረንሳይ ገባ። ሱቮሮቭ በግንቦት 1800 ሞተ፣ ሁለቱ አልተገናኙም።

መሄድ ለምታስቡ፦ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ ይሻላል። የባቡርና የአውቶቡስ ግማሽ ዋጋ ካርድ ከመነሳታችሁ በፊት ግዙ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የዊክለንን የተኩስ ማስታወቂያ ቀደም ብላችሁ እዩ። ኢላንትስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በቆስጣ ቅጠል የተጠቀለለ ሊጥ በክሬም ይሸጣል፣ 22 ፍራንክ ነው፣ ሁለት ሳህን በላሁ።